የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የአጠናን ዘዴና ብሔራዊ ፈተና፤ በአቃቂ ቃሊቲ ካለው ሁኔታ አንጻር

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ለፈተና የምትዘጋጀው እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ስለ ሰዓት ብዛት እንጂ ስለ ዘዴ አይደለም። ሌሊት እንደሚነሣ፣ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ እንዳነበበ፣ ቅዳሜንና እሑድን በቤተ መጻሕፍት እንደሚያሳልፍ ይናገራል። ወላጅም ልጁን መጽሐፍ ይዞ ተቀምጦ ካየው «እያጠና ነው» ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። መምህሩም በበኩሉ «አጥኑ» ብሎ ያዝዛል እንጂ እንዴት እንደሚጠና የሚያስረዳበት ክፍለ ጊዜ ተለይቶ አልተሰጠውም። እንግዲህ ተማሪው በትምህርት ቤት ቆይታው ሁሉ በየቀኑ የሚሠራውን፣ የወደፊት ዕድሉም የተንጠለጠለበትን ይህን ሥራ ያለ አስተማሪ በዘልማድ ይለምደዋል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ አጠናን ዘዴ በልዩ ልዩ ጊዜያት የተደረጉ ምርምሮች ያስገኙትን ውጤት ለሁለተኛ ደረጃ መምህራንና ለእጩ መምህራን በአጭሩ ማቅረብ፣ ይኸው ውጤት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ በሚኖር ተማሪ የዕለት ኑሮ ውስጥ እንዴት ሥራ ላይ ሊውል እንደሚችልም ማመልከት ነው። ክፍለ ከተማው የተመረጠበት ምክንያት ጸሐፊው ከእጩ መምህራን የማስተማር ልምምድ ጋር በተያያዘ አካባቢውን ስለሚያውቀው ብቻ አይደለም። አብዛኛው ስለ ጥናት የሚሰጥ ምክር ጸጥታ ያለው ክፍል፣ ጠረጴዛና መብራት ያለውን ተማሪ በሐሳቡ ይዞ የተጻፈ በመሆኑ፣ እነዚህ በጎደሉበት ቦታ ምክሩ ምን ያህል እንደሚጸና መመርመር ስለሚያስፈልግ ጭምር ነው።

የጉዳዩ ክብደት

የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 29,909፣ ይኸውም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ በ2017 ዓ.ም. እንኳ ግማሹን ነጥብ ያገኘው ከአሥራ ሁለት ተፈታኞች አንዱ ብቻ ነው።

ለዚህ ውጤት የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍት እጥረት፣ የመምህራን የትምህርት ዝግጅት፣ የታችኛው ክፍል ትምህርት መሠረት አለመጽናት፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ማነስ ሁሉም በየድርሻቸው ይጠቀሳሉ። ቀደም ሲል ፈተናው በየአካባቢው ይሰጥ በነበረበት ጊዜ መኮራረጅ ተስፋፍቶ እንደነበረ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥያቄዎቹ አስቀድመው በመውጣታቸው ፈተናው ተቋርጦ እንደገና መሰጠቱም አይዘነጋም። አሁን በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚፈተን ተማሪ ከቤቱ ርቆ፣ ስልኩን ትቶ፣ ከማያውቃቸው ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ስለሚፈተን በእጁ ያለው በአእምሮው የያዘው ብቻ ነው። ይህ ለውጥ የአጠናን ዘዴን ከዚህ በፊት ያልነበረውን ክብደት ሰጥቶታል።

የአጠናን ዘዴ የመምህርን ቦታ እንደማይተካ አስቀድሞ መናገር ይገባል። የፊዚክስ መምህር ሳይመደብለት ግማሽ ዓመት ያሳለፈን ተማሪ «ዘዴ ጎድሎህ ነው» ማለት በደል ይሆናል። ነገር ግን ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ሁሉ ተማሪው ነገ ጠዋት በራሱ ሊያሻሽለው የሚችለው አንዱ ይኸው ዘዴ በመሆኑ ራሱን ችሎ ሊታይ ይገባዋል።

መለየትና ማስታወስ

ደብተሩን ሦስት ጊዜ ያነበበ ተማሪ አራተኛውን ጊዜ ሲያነብ ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ የተለመደ ሆኖ ይታየዋል፤ ዓይኑም ያለ መሰናክል ይንሸራተታል። ይህንን ቅልጥፍና «ዐውቄዋለሁ» ብሎ ይተረጉመዋል። በፈተናው አዳራሽ ግን ደብተሩ አልተዘረጋለትም፤ የሚጠየቀውም የተጻፈውን እንዲለይ ሳይሆን ያልተጻፈውን ከአእምሮው እንዲያወጣ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ከሣሪስ እስከ ቃሊቲ ዘወትር በአውቶቡስ የሚመላለስ ሰው እያንዳንዱን ፌርማታ ሲያየው ያውቀዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ በቅደም ተከተል እንዲዘረዝር ቢጠየቅ ግን ብዙዎቹን ይዘላል። መንገዱን ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከአእምሮው አውጥቶ አልቆጠረውም።

የምርጫ ጥያቄ መለየትን ብቻ ይጠይቃል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። በጥሩ ሁኔታ የተዘጋጀ የምርጫ ጥያቄ ግን የተሳሳቱትን አማራጮች ሁሉ ከትክክለኛው ጋር እጅግ ተመሳሳይ አድርጎ ስለሚያቀርብ፣ ሁሉም የተለመዱ መስለው የሚታዩት በትክክል ንባብ ብቻ ላደረገው ተማሪ ነው። ከፈተና በኋላ «ሁለቱ አሳሳቱኝ» የሚለው እሮሮ ምንጩ ይህ ነው።

ምርምር ምን ይላል?

የመርሳትን ጠባይ በቁጥር የለካው የመጀመሪያው ሰው ጀርመናዊው ኸርማን ኢቢንግሃውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ትርጉም የሌላቸው ቃላትን ራሱ እየሸመደደ፣ ከልዩ ልዩ ጊዜ በኋላ እንደገና ለመያዝ የሚወስድበትን ጊዜ ይለካ ነበር። ከአንድ ቀን በኋላ የሚተርፈው አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን፣ ከአንድ ወር በኋላ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የመርሳቱ ብዛት ሳይሆን አወራረዱ ነው፤ አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን የቀረው ቀስ እያለ ይወርዳል። ማክሰኞ የተማረውን ፈተና ሲደርስ ለማየት ያስቀመጠ ተማሪ እንግዲህ የሚያየው አብዛኛው ከጠፋ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው አርተር ጌትስ ተማሪዎች ከጥናት ጊዜያቸው ምን ያህሉን በማንበብ፣ ምን ያህሉን መጽሐፉን ሳያዩ በቃል በማውጣት ቢያሳልፉት እንደሚበጅ መረመረ። ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ በቃል ለማውጣት ያዋሉት ከአንባቢዎቹ በልጠው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1939 ኸርበርት ስፒትዘር በአዮዋ ግዛት 3,605 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነብቦ በልዩ ልዩ ቀናት ፈተናቸው። ካነበቡ በኋላ ወዲያው የተፈተኑት፣ ስሕተታቸው እንኳ ሳይነገራቸው፣ ከሳምንታት በኋላ ይበልጥ ያስታውሱ ነበር። ፈተናው መለኪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ትምህርት መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከእነዚህ ሁሉ ለተማሪ ለማስረዳት የሚመቸው ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። ተማሪዎቹ አንድ አጭር ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ግማሾቹ ደግመው እንዲያነቡት፣ ግማሾቹ ደግሞ ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ የጻፉት 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ወደ 42 በመቶ ሲወርዱ የጻፉት 56 በመቶ ይዘው ተገኙ። ተማሪ ደግሞ ማንበብን የሚወድበት ምክንያት በዚህ ይገለጻል። ማንበብ ለዚያ ምሽት ይሠራል፤ ተማሪውም ራሱን የሚመዝነው በዚያው ምሽት ነው። ብሔራዊ ፈተናው ግን ከወራት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የተለመዱ የአጠናን ዘዴዎችን መርምረው ከፍተኛ ጥቅም ያላቸው ሁለት ብቻ መሆናቸውን አመለከቱ፤ ራስን መጠየቅና ጥናትን በተለያዩ ቀናት ማከፋፈል። ደግሞ ማንበብና ከጽሑፍ ሥር ማስመር በዝቅተኛው ደረጃ ተመድበዋል። በባለቀለም እስክሪብቶ ያጌጠ ደብተር የወላጅን ዓይን ሊያስደስት ይችላል፤ ከዚህ አልፎ ብዙ አይፈይድም።

በእኛም ዘንድ የነበረ

አንባቢ ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አድርጎ እንዳይወስደው ያስፈልጋል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው በቀን የንባብ ትምህርቱን ከመጽሐፍ ሲቀጽል፣ የቃል ትምህርቱ የሚሰጠው በምሽት፣ ብርሃን በሌለበት ነበር። መጽሐፍ ማየት ስለማይቻል የያዘውን ከአእምሮው ከማውጣት በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። በቅኔ ቤትም ደቀ መዝሙሩ ብቻውን ገለል ብሎ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይነግራል፤ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። በቁርኣን ቤትም ልጁ በሉህ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ አድርሶ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ የቀድሞውንም በየጊዜው ይከልሳል።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን ሥርዓት «ሽምደዳ ነው» ብሎ ሲተወው አንድ ተገቢ ነገርና አንድ ተገቢ ያልሆነ ነገር በአንድነት አደረገ ለማለት ይቻላል። ትርጉሙ ያልገባን ነገር በቃል መያዝ መተው የሚገባው ነበር፤ ተማሪው መጽሐፉን ዘግቶ የተማረውን በሰው ፊት ማቅረቡ ግን መተው አልነበረበትም። «አጠና» የሚለው ግስ ራሱ «ጠና» ከሚለው የወጣ በመሆኑ ማጽናትን፣ ማጠንከርን ያመለክታል። ማየትን አያመለክትም።

በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ተማሪ ቀን

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው ዋና ጎዳናና በቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ዳርና ዳር የተስፋፋ፣ ከአገሪቱ ቀደምት የኢንዱስትሪ ሠፈሮች አንዱ ነው። በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረትና በምግብ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ወላጆች በፈረቃ ይወጣሉ፣ በፈረቃ ይገባሉ። የሌሊት ፈረቃ ያደረ አባት ቀን በሚተኛበት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ልጁ ድምፁን አሰምቶ ማንበብ አይችልም። ከባድ መኪኖች በጉምሩኩና በዋናው መንገድ አካባቢ ሌሊቱን ሙሉ ይንቀሳቀሳሉ። መብራት የሚጠፋባቸው ምሽቶች አሉ። እንደ ገላንና ቱሉ ዲምቱ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ ተማሪዎች ደግሞ ጸጥታውን ቢያገኙም ከትራንስፖርት ሰልፍ ላይ የሚቆሙበት ጊዜ ረጅም ነው። ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ፣ ውኃ በጄሪካን መቅዳቱ፣ እንጀራ መጋገሩና ታናናሾችን መጠበቁ በአብዛኛው በእነርሱ ላይ ስለሚወድቅ ለጥናት የሚተርፋቸው ጊዜ የተቆራረጠ ነው።

በዚህ ሁኔታ ላለ ተማሪ «በቀን አራት ሰዓት በጸጥታ አጥና» የሚለው ምክር ምክር አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው የምርምር ውጤት ግን ለእርሱ በተለይ የሚስማማ ነው። ከአእምሮ ማውጣት ብርሃን አይፈልግም፤ ጠረጴዛም አይፈልግም። ምጣድ ፊት ተቀምጣ ሊጥ የምታዘጋ ተማሪ የትናንቱን የባዮሎጂ ትምህርት በሐሳቧ ልትተርክ ትችላለች፤ የጠፋባትን ነጥብ ብቻ ልብ ብላ ይዛ ሥራዋን ስትጨርስ ደብተሯን ትከፍታለች። በአውቶቡስ ሰልፍ ላይ ያለ ተማሪም እንዲሁ። የተቆራረጠ ጊዜም ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ጉድለት አይሆንም፤ በአራት ቀን የተከፋፈለ አንድ ሰዓት በአንድ ምሽት ከተጠራቀመ አንድ ሰዓት የበለጠ ያስይዛልና።

አሠራሩ

ተማሪው በዕለቱ የተማረውን በዚያው ምሽት አንድ ጊዜ በጥሞና ያነብባል። ደብተሩን ይዘጋል። ከዚያም በባዶ ወረቀት ላይ፣ ወረቀት ከሌለው በቃሉ፣ የሚያስታውሰውን ሁሉ ያወጣል። ቀጥሎ ደብተሩን ከፍቶ የረሳውንና ያሳሳተውን ለይቶ ያርማል። የሚያስቸግረው መካከለኛው ደረጃ ነው፤ ምንም የማይመጣባቸው ደቂቃዎች ስላሉ ተማሪው ተስፋ ቆርጦ ደብተሩን ቶሎ ይከፍታል። መምህሩ አስቀድሞ ሊያስረዳው የሚገባው ያ ጭንቅ ራሱ ሥራው መሆኑን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ እያንዳንዱ ትምህርት ወደ ጥያቄ ይለወጥ። ጥያቄውም «ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ለምን?» ይሁን። ኦስሞሲስን ያጠና ተማሪ ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ሊያወርደው ይችላል። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ በጨው ሲታሽ ለምን ውኃ እንደሚያወጣ ቢጠየቅ ዝም ካለ ግን የያዘው ዐረፍተ ነገሩን እንጂ ነገሩን አይደለም። ካለቀ ደብተር ከተቀደዱ ቁራጭ ወረቀቶች በአንደኛው ገጽ ጥያቄው፣ በሌላው መልሱ ተጽፎ በሦስት ፖስታ ቢከፋፈል ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። አዲሱና የተሳሳተው ጥያቄ በየቀኑ በሚታየው ፖስታ ይቀመጣል፤ አንድ ጊዜ የተመለሰው በሳምንት ወደሚታየው፣ ሁለተኛ ጊዜ የተመለሰው በወር ወደሚታየው ይዛወራል፤ የተሳሳተ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ይህን ዘዴ ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ አስፋፍቶታል፤ ወጪው የመቀስ ያህል ነው።

የጊዜው ርቀት እንዴት ይወሰን? ከ1,350 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ፈተናው በሳምንት ውስጥ ከሆነ ክለሳው በማግሥቱ ቢሆን ይመረጣል፤ ፈተናው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሲርቅ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ መከለስ የተሻለ ውጤት አስገኝቷል። እንግዲህ በመስከረም የተማረውን በጥቅምት፣ በገና ሰሞንና በሁለቱ መንፈቀ ዓመታት መካከል ባለው ዕረፍት መልሶ ለራሱ የሚጠይቅ ተማሪ፣ በሰኔ ሁሉንም ከአዲስ ከሚጀምረው በብዙ ቀድሟል።

ሒሳብና ፊዚክስ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። መማሪያ መጽሐፉ በየምዕራፉ መጨረሻ ተመሳሳይ መልመጃዎችን ስለሚደረድር ተማሪው የሎጋሪዝምን ምዕራፍ ሲሠራ ሁሉም ጥያቄ በሎጋሪዝም እንደሚፈታ አስቀድሞ ያውቃል። ፈተናው ግን ጥያቄው ከየትኛው ምዕራፍ እንደመጣ አይናገርም። ሮረርና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው የተሻገሩት ተማሪዎች በልምምዱ ጊዜ 89 በመቶ፣ ዓይነቶቹን ቀላቅለው የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ቀላቅለው የሠሩት 63 በመቶ ሲያገኙ የፊተኞቹ ወደ 20 በመቶ ወረዱ። ስለዚህ ተማሪው ከሦስት ምዕራፎች ሁለት ሁለት ጥያቄ መርጦ፣ ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ይሥራ። በልምምዱ ጊዜ የሚያገኘው ነጥብ ይቀንሳል፤ መቀነሱ ሊያስደነግጠው አይገባም።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ያልገባውን ዐረፍተ ነገር በቃሉ የሚይዝ ተማሪ ብዙ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ተማሪው አሳቡን በመጀመሪያ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ፣ ማለትም በሚያስብበት ቋንቋ፣ ለታናሽ ወንድሙ እንደሚያስረዳ አድርጎ ይናገረው፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ይመልሰው። ሁለተኛውን እርምጃ መዝለል ግን አይገባም፤ ጥያቄው የሚቀርብለት በእንግሊዝኛ ነውና።

ስለ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎችም አንድ ነገር ማለት ይገባል። በየሱቁ በፎቶ ኮፒ፣ አሁን ደግሞ በቴሌግራም የሚሰራጩት የጥያቄ ወረቀቶች እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ አጠቃቀማቸው ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ተማሪው ጥያቄውንና የመልሱን ፊደል ጎን ለጎን ያነብባል፤ እንዲህ ያለው ንባብ ከላይ የተተቸው ንባብ ነው። ወረቀቱ በሰዓት ተወስኖ፣ መልሱ ተሸፍኖ መሠራት አለበት። በስልክ ውስጥ ሁለት መቶ ፋይል ማጠራቀምም ጥናት አይደለም፤ መጻሕፍትን ገዝቶ መደርደር ማንበብ እንዳልሆነ ሁሉ።

ከፍተኛ ነጥብ ስለሚፈልገው ተማሪ

እስካሁን የተባለው ማለፍን ለሚሻ ሁሉ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ለሚሻው፣ ከስድሳ ወደ ሰማንያና ዘጠና ለመድረስ ለሚፈልገው ተማሪ ግን ወሳኙ የስሕተት ደብተር ነው። ጎበዝ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያጠናው የሚያውቀውን ነው፤ የሚያውቀውን መሥራት ደስ ያሰኛልና። በየፈተናው የሳታቸውን ጥያቄዎች በአራት ዓይነት ከፍሎ ቢመዘግብ፣ ማለትም ጨርሶ ያላወቀው፣ ዐውቆት የረሳው፣ ጥያቄውን አጣሞ ያነበበው፣ በስሌት የተሳሳተው ብሎ ቢለይ፣ በሁለት ወር ውስጥ የራሱ በሽታ የቱ እንደሆነ ይታወቀዋል። አጣሞ ለሚያነበው ተማሪ ተጨማሪ ምዕራፍ ማንበብ መድኃኒት አይሆንም፤ «የማይሆነው የቱ ነው?» የሚለውን ዓይነት ቃል እያሰመረ መለማመድ ነው ያለበት። በነገራችን ላይ፣ ማስመር ጥቅም የሚያስገኝበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

የቡድን ጥናት በ2000ዎቹ ዓ.ም. «አንድ ለአምስት» በሚል አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱ ተስፋፍቶ ነበር። አሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ብዙውን ጊዜ ጎበዙ ሲናገር ሌሎቹ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት፣ ከዚያም ባሰ ስም የሚመዘገብበት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ቡድኑ እንዲጠቅም ከተፈለገ ሥርዓቱ ይገልበጥ፤ በመጀመሪያ የሚያስረዳው ደካማው ይሁን፣ ጎበዙ ጠያቂ ይሁን፣ ሁሉም ሦስት ሦስት ጥያቄ ጽፎ ይምጣ።

እንቅልፍን አስመልክቶ፣ ጄንኪንስና ዳለንባክ እ.ኤ.አ. በ1924 ከጥናት በኋላ የተኛ ሰው ነቅቶ ከቆየው ይልቅ እንደሚያስታውስ አመልክተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርምሮችም እንቅልፍ የተማሩትን በማጽናት ረገድ ያለውን ድርሻ አጠናክረውታል። በፈተና ሰሞን ሌሊቱን በጫት ገፍቶ የሚያነጋ ተማሪ እንግዲህ በአንድ እጁ የሰበሰበውን በሌላው ይበትናል። በተለይም ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በብዙ ተማሪዎች መኝታ ክፍል አድሮ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ከቤቱ ርቆ አድሮ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት በቂ እንቅልፍ ላያገኝ እንደሚችል አውቆ የቀደሙትን ሳምንታት በመደበኛ እንቅልፍ ማሳለፍ ይኖርበታል። በ2016 ዓ.ም. በከፊል የተጀመረው በኮምፒዩተር የመፈተን አሠራር ደግሞ ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል፤ በመዳፊት መልስ መርጦ የማያውቅ ተማሪ ጊዜውን ከጥያቄው ይልቅ በመሣሪያው ላይ እንዳያጠፋ አስቀድሞ ጥቂት ቀን ሊለማመድ ይገባል።

የመምህሩ ድርሻ

እጩ መምህራን ይህን ሁሉ ሲሰሙ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉትን ተማሪዎች ብዛትና የፕሮግራሙን ጥድፊያ ያነሣሉ። ሥጋታቸው ትክክል ነው። የሚጠየቀው ግን ጥቂት ነው፤ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ሦስት ጥያቄ በሰሌዳ ላይ መጻፍ። አንዱ ከትናንቱ ትምህርት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ተማሪዎቹ ደብተር ሳይከፍቱ በብጣሽ ወረቀት ይመልሳሉ፤ መምህሩ መልሱን ይናገራል፤ እያንዳንዱ የራሱን ያርማል። ከስድስት ወይም ከሰባት ደቂቃ አይበልጥም፤ የሚታረም ክምር ወረቀትም ለመምህሩ አያተርፍም።

ነጥብ እንዳይመዘገብበት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ከተከታታይ ምዘናው ጋር ተዳብሎ ከመቶ የሚታሰብ ሲሆን ተማሪው ከጎረቤቱ መገልበጥ ይጀምራል፤ የገለበጠ ደግሞ ከአእምሮው ምንም አላወጣም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ካለፈው ወር የተጠየቀውን የሚመልሱት ጥቂቶች ይሆናሉ፤ አንዳንዱ ተማሪም «ይህ እኮ አልፏል» ብሎ ያጉረመርማል። መምህሩ በዚህ ጊዜ ሦስተኛውን ጥያቄ አውጥቶ በሁለቱ ብቻ መቀጠል ይቃጣዋል። ሊያወጣው አይገባም፤ በሰኔ የሚጠየቀው ሦስተኛው ነው።